አከራይዎ «ውሉን አላድስም» ካሉዎት

ውልዎ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አከራይዎ መጥተው «ቤቱን እፈልገዋለሁ፤ ሌላ ፈልጉ» ቢሉ ምን ያደርጋሉ? ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በኪራይ የሚኖረው ሰው ብዙ ነው። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ መምህርና ነርስ አለ። በስደተኞች ጉዳይ ከሚሠሩ ድርጅቶች በአንዱ የተቀጠረ አለ። ልጆቹን ለማስተማር ከአቦቦ ወይም ከኢታንግ ወደ ከተማ የገባ ቤተሰብ አለ። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው፤ ለአከራዮችም ቢሆን ይጠቅማል።

አጭሩን መልስ አስቀድመን እንበል። የውሉ ጊዜ በእርግጥ ሲያበቃ አከራዩ ያለማደስ መብት አለው። ቤቱ የእሱ ነው፤ ዕድሜ ልክ እንዲያከራይ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ሁለት ነገሮችን ማድረግ ግን አይችልም። ጊዜው ሳይደርስ ያለ በቂ ምክንያት ሊያስወጣዎ አይችልም። ጊዜው ቢደርስም በገዛ እጁ፣ በጉልበት ሊያስወጣዎ አይችልም። የተከራይ መብት የሚያርፈው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ገንዘብና ጊዜ ስለሚያስከፍል ቀስ ብለን እንየው።

ውሉ የሚያበቃው መቼ ነው?

ከመደንገጥዎ በፊት ውሉን አውጥተው ቀኑን ያንብቡ። ብዙ ሰው ውሉን ፈርሞ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የኪራዩን ዋጋ ብቻ ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን ከዋጋው ይልቅ ወሳኙ ቀኑ ነው። ውሉ እስከ ሰኔ 30 የሚል ከሆነና አከራይዎ በመጋቢት ውጡ ካሉ፣ ጉዳዩ ያለማደስ አይደለም። ውል ማፍረስ ነው። ሁለቱ በሕግ ፊት በጣም የተለያዩ ናቸው።

ጉዳዩን የሚገዙት ሁለት ሕጎች ናቸው። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በሰዎች መካከል የሚደረገውን ውል፣ ንብረትና ዕዳ የሚመለከተው ትልቁ ሕግ ማለት ነው፤ ቤት ስለማከራየት የሚናገሩ የራሱ ክፍሎች አሉት። ሁለተኛው አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው።

አዲሱ አዋጅ ለተከራይ ብዙ ነገር ለውጧል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ውሉ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ያዛል። ተቆጣጣሪ አካል ማለት ይህን ሥራ እንዲሠራ የተሰየመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ለምዝገባው የተሰጠው ጊዜ ውሉ ከተፈረመ በኋላ 30 ቀን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ ሊደረግ አይችልም ይላል።

ይህ የሁለት ዓመት ነገር ለእኛ ጥያቄ እጅግ አስፈላጊ ነው። በየከተማው የተለመደው የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ውል ነው። አከራዩ በየስድስት ወሩ «ላድስ ወይስ አላድስ?» እያለ ዋጋ ይጨምራል፤ ተከራዩም በየስድስት ወሩ ልቡ ይሰቀላል። አዋጁ ይህን ልማድ ለመቁረጥ የወጣ ነው። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ የስድስት ወር ውል ፈርመው ስድስት ወሩ ሲያልቅ ውጡ ቢባሉ፣ «ሕጉ ከሁለት ዓመት በታች አይፈቅድም» ብለው መከራከር ይችላሉ።

ታዲያ አዋጁ ጋምቤላ ላይ ይሠራል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። በክልሎች ደግሞ ክልሉ ራሱ በሚሰይማቸው ከተሞች ነው። የክልሉ መንግሥት ከተማውን መሰየምና ተቆጣጣሪ አካል ማቋቋም አለበት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞዎ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ይሁን። ሲደርሱ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አዋጁ እዚህ ሥራ ላይ ውሏል ወይ? የኪራይ ውል የሚመዘግበው ማነው? የተዘጋጀ የውል ቅጽ አለ ወይ? መልሱን የሰጠዎትን ሠራተኛ ስምና ቀኑን ይጻፉ። ጉዞው ከባጃጅ ሒሳብ በላይ አያስወጣዎትም፤ መልሱ ግን ክርክርዎ በየትኛው ሕግ ላይ እንደሚቆም ይነግርዎታል።

መልሱ «ገና ነው» ከሆነ ባዶ እጅዎን አልቀሩም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በመላ አገሪቱ ይሠራል። የሁለት ዓመቱን ዋስትና አይሰጥም፤ ውሉ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ግን ያስከብርልዎታል። ውሉ አንድ ዓመት ካለ አንድ ዓመቱን ሙሉ የመኖር መብት አለዎት። ኪራይዎን በወቅቱ እየከፈሉ ቤቱንም በአግባቡ እስከያዙ ድረስ፣ «የተሻለ የሚከፍል ሰው መጣ» የሚለው ውል ለማፍረስ በቂ ምክንያት አይደለም።

ስለ ኪራይ ጊዜ ካነሳን፣ የጋምቤላ ከተማ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከኪራይ ውል ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቀደ። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ተጻፈ። ጊዜውም ተጻፈ፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ። ሱዳን ነጻ ስትወጣ የውሉ ጊዜ አበቃ፤ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ስፋቱም ማብቂያውም በወረቀት ላይ ነበሩ። የእርስዎም ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይህንኑ ያህል ግልጽ ወረቀት ይገባዋል።

የጽሑፍ ውል ከሌለኝስ?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። ደላላ አገናኝቶ፣ በቃል ተስማምቶ፣ የሁለት ወር ከፍሎ ገብቷል። አዲሱ አዋጅ በሚሠራበት ቦታ ይህ ራሱ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱ ግን የተከራዩ ብቻ አይደለም፤ ውሉን በጽሑፍ የማድረግ ግዴታ የሁለቱም ነው።

በቃል የገባ ሰው መጀመሪያ ማሳየት ያለበት በኪራይ መኖሩን ነው። የሚረዳው የክፍያ ማስረጃ ነው። አዋጁም ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። በቴሌብር ወይም በባንክ ሲልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የኅዳር ወር የቤት ኪራይ» ብለው ይጻፉ። ለጥቂት ሰከንድ የሚጻፍ ነገር ነው። በእጅ መክፈል ግድ ከሆነ በደብተር ላይ ያስፈርሙ። አከራይዎ መፈረም ባይወዱ እንኳ ሁለት ጎረቤት ባለበት ይክፈሉ።

በቃል የተደረገ፣ ማብቂያ ቀን የሌለው ኪራይ በሕግ ጊዜው ያልተወሰነ ኪራይ ይባላል። አከራዩ ሊያቆመው ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያ ማለት «ከዚህ ቀን ጀምሮ ውሉን አቆማለሁ» ብሎ በቅድሚያ ማሳወቅ ነው። ማታ መጥቶ «ነገ ጠዋት ልቀቁ» ማለት ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ውልዎ ሰኔ 30 አበቃ እንበል። አከራይዎ ምንም አላሉም። ሐምሌንም፣ ነሐሴንም ኪራይ ተቀበሉ። መስከረም ላይ «ውልህ ካለቀ ቆይቷል፤ ዛሬውኑ ውጣ» ቢሉ ትክክል አይደሉም። ጊዜው ካለፈ በኋላ አከራዩ እያወቀ፣ ሳይቃወም ተከራዩ ከቀጠለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውሉ በዝምታ እንደታደሰ ይቆጥረዋል። የሚታደሰው ጊዜው ያልተወሰነ ኪራይ ሆኖ ነው። ስለዚህ እንደገና ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ውሉ ካለቀ በኋላ የከፈሉበትን ደረሰኝ የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

«ካልጨመርክ አላድስም» ሲባል

እውነቱን እንነጋገር። አብዛኛው «ቤቱን እፈልገዋለሁ» የሚል ንግግር ስለ ቤቱ አይደለም፤ ስለ ዋጋው ነው። ጋምቤላ ውስጥ ይህ በተለይ ይከብዳል። ከተማዋ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ናት። በዙሪያዋም እንደ ጀዊ፣ ኩሌና ቴርኪዲ ያሉ የስደተኛ መጠለያዎች ስላሉ የእርዳታ ድርጅቶች ቢሮና የሠራተኛ መኖሪያ ይከራያሉ። በጀት ያለው ድርጅት የሚከፍለውን የመምህር ደመወዝ አይከፍለውም። አከራይም ሰው ነው፤ የተሻለ ዋጋ ሲሰማ ይፈተናል።

አዋጁ በሚሠራበት ቦታ አከራዩ ዋጋ የሚጨምረው እንደ ፈለገ አይደለም። ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈቀደውን ጭማሪ ያሳውቃል፤ ከዚያ በላይ መጨመር አይቻልም። አዋጁ በማይሠራበት ቦታ ደግሞ መከላከያዎ ውሉ ነው። የውሉ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ አከራዩ ብቻውን ዋጋ ሊለውጥ አይችልም። ዋጋ የተጻፈው በሁለት ሰው ስምምነት ነው፤ የሚለወጠውም በሁለት ሰው ስምምነት ነው። ውሉ ካለቀ በኋላ ግን ድርድር ነው።

እዚህ ላይ አንድ አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ። አንዳንድ አከራይ ግብር ለመቀነስ ሲል ውሉ ላይ ግማሹን ዋጋ ጽፎ ቀሪውን በእጅ ይቀበላል። ተከራዩም ቤቱን ላለማጣት ይስማማል። እባክዎ አይስማሙ። 4,000 ብር እየከፈሉ ውሉ 2,000 የሚል ከሆነ ነገ ሲጣሉ በእጅ የሰጡትን ለማስረዳት ይቸገራሉ። ቅድሚያ ክፍያዎን ለማስመለስም እንዲሁ። በተጨማሪም ከአንድ ሰው ጋር አብረው የተሳሳተ ወረቀት ከፈረሙ በኋላ፣ በዚያው ወረቀት ሊከሱት ሲሄዱ እግርዎ ይከብዳል።

ቅድሚያ ክፍያን በተመለከተ አዋጁ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መጠየቅን ይከለክላል። የስድስት ወርና የአንድ ዓመት ቅድሚያ የሚጠየቅበት ልማድ ተከራዩን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሲገባም ጥሪቱን ያስጨርሰዋል፣ ውጣ ሲባልም ገንዘቡ በአከራዩ እጅ ስለሆነ አንገቱን ያስደፋዋል።

ቤቱ ቢሸጥስ?

«ቤቱን ሸጬዋለሁ፤ ገዢው ይፈልገዋል» የሚለው ሌላው የተለመደ ምክንያት ነው። ቤት መሸጥ መብት ነው። ሽያጭ ብቻውን ግን ተከራይን በማግስቱ አያስወጣም። ገዢው ቤቱን ሲረከብ በውስጡ ውል ያለው ሰው እንዳለ አውቆ ነው። በመጀመሪያ ሽያጩ እውነት መሆኑን ይጠይቁ። እውነት ከሆነ ከገዢው ጋር በቀጥታ ይነጋገሩ፣ ውሉን ያሳዩ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይጠይቁ። የተመዘገበ ውል ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ገዢው «አላውቅም ነበር» ለማለት ይከብደዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ የኪራይ ውል ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ ወገን ማለት እንደ ገዢው ያለ፣ በመጀመሪያው ውል ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው።

ቁልፍ ቢቀየርብኝስ?

አንዳንድ አከራይ ክርክር አይወድም። መብራት ይቆርጣል፤ ውሃ ይዘጋል፤ ተከራዩ ሥራ ውሎ ሲመለስ ቁልፉ ተቀይሮ ይጠብቀዋል። የጋምቤላን ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ ሕፃን ባለበት ቤት በበጋ ውሃ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ይህ ሕገ ወጥ ነው፤ ውሉ ያለቀ ቢሆንም እንኳ። አልወጣም ያለን ተከራይ ለማስወጣት መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። አከራዩ «ቤቴን ለቆ ያስረክበኝ» ብሎ ይከሳል፣ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ፍርድ ይሰጣል፣ ፍርዱ ይፈጸማል። ከዚህ ውጭ የሰው መኖሪያ በኃይል መግባት በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን መከበር ያረጋግጣል።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብዎ በመጀመሪያ አይጣሉ። የተቀየረውን ቁልፍ፣ የተቆረጠውን ሽቦ፣ ውጭ የተጣለውን ዕቃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ጎረቤት ይጥሩ። ቀጥሎ ለቀበሌውና ለፖሊስ ያመልክቱ። ፖሊስ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ፍርድ ቤት ሂድ» ሊልዎ ይችላል። ቢልም ማመልከትዎ በመዝገብ ይያዝልዎ፤ ቀኑን ያስረዳልዎታል።

ከዚያ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የሚቀርበው ክስ «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል። ይዞታዬ ተነካ፤ እንዲቆምልኝና ወደ ነበረበት እንዲመለስልኝ ማለት ነው። ይህን ክስ ለማቅረብ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ እርስዎ ግን ሁለት ቀንም አይጠብቁ። ከክሱ ጋር የእግድ ትእዛዝ ይጠይቁ። እግድ ማለት ክርክሩ እስኪያልቅ ነገሩ ባለበት እንዲቆይ ዳኛው የሚሰጠው ትእዛዝ ነው።

ወጪው ስንት ነው?

ፍርድ ቤት ሲባል ሰው የሚፈራው ወጪውን ነው። የዳኝነት ክፍያ የሚባል አለ። መዝገብ ሲከፈት ለፍርድ ቤቱ የሚከፈል ነው። ክሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ እንደ ገንዘቡ መጠን ይሰላል። ትክክለኛውን ልክ የሚነግርዎ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ነው፤ መጠየቅ በነጻ ነው። መክፈል የማይችል ሰው በደኃ ደንብ መክሰስ ይችላል። አቅም እንደሌለው በመሐላና በማስረጃ አሳይቶ ክፍያው በቅድሚያ ሳይጠየቅ መዝገብ የሚከፍትበት መንገድ ነው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግዎ ይሆናል።

ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ራስዎ መቆም ይችላሉ። ማመልከቻውን ፍርድ ቤት ደጃፍ ያሉ ጸሐፊዎች በክፍያ ያዘጋጃሉ፤ ሲያስጽፉ ግን ታሪኩን አያስረዝሙ። ቀን፣ ውል፣ ክፍያ፣ የተደረገብዎ ነገር፣ የሚጠይቁት ነገር፤ ይህ ይበቃል።

ቋንቋን ግን ቀላል አድርገው አይዩት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ውልም፣ ማመልከቻም፣ ፍርድም በአማርኛ ነው የሚጻፈው። አኙዋክኛ ወይም ኑዌርኛ ተናግሮ ያደገ ሰው አማርኛ ቢግባባም የሕግ አማርኛ ሊከብደው ይችላል። የማያነቡትን ውል አይፈርሙ። የሚያምኑት ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ በቋንቋዎ መስመር በመስመር ያንብብልዎ። ችሎት ላይ ደግሞ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ሌላው ወጪ ቤት የመቀየሩ ነው፤ ከፍርድ ቤት ጋር የሚመዛዘነው እሱ ነው። ለምሳሌ ያህል የወር ኪራይዎ 4,000 ብር ነው እንበል። አዲሱ ቤት የሁለት ወር ቅድሚያ ቢጠይቅ 8,000 ብር ነው። ዕቃ ጫኝ መኪናና ተሸካሚ 2,000፣ ደላላ 1,000፣ አዲስ ቁልፍ፣ የተሰበረ አምፖል፣ የተቀደደ ኮርኒስ 1,000 ብንል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ 12,000 ብር መገኘት አለበት። የሦስት ወር ኪራይ ማለት ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ከራቀ የትራንስፖርቱ ይጨመራል። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሠርተው ለአከራይዎ ማሳየት ሳይጠቅም አይቀርም። «ሁለት ወር ጨምሩልኝና ራሴን ላዘጋጅ» የሚለው ልመና ቁጥር ሲኖረው ይሰማል።

የሰው ልማድ

ሕጉን ማወቅ ማለት ወዲያው መክሰስ ማለት አይደለም። እዚህ አገር አከራይና ተከራይ ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ቡና አብረው ይጠጣሉ፤ ሐዘን አብረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ንግግር ይሁን። «ጋሼ፣ ውላችን እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው የሚለው። ቤቱን መፈለግዎ ገብቶኛል። ልጆቹ ፈተና እስኪጨርሱ ልቆይ፤ በሐምሌ መጨረሻ ቁልፉን አስረክባለሁ» ማለት ይቻላል። ንግግሩ ካልሆነ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ሽማግሌ ይግቡበት። የተስማሙትን ግን ይጻፉት። ሁለት መስመር፣ ሁለት ፊርማ፣ ሁለት ምስክር ይበቃል። በሽምግልና ቃል የተሰጠ ነገርም ሳይጻፍ ቀርቶ ይረሳል።

ቀን ሲመርጡ ወንዙንም ያስቡ። ክረምቱ ሲበረታ ባሮ ይሞላል፤ ዝቅ ያለው ሰፈር በውሃ ይያዛል፤ ዕቃ ማጓጓዝም ደረቅ ቤት ማግኘትም ይከብዳል። አዲስ ውል ሲዋዋሉ ማብቂያው በነሐሴ ወይም በመስከረም እንዳይውል ይደራደሩ። ጥር ወይም የካቲት ላይ የሚያልቅ ውል ለጋምቤላ ሰው ይሻላል።

ውሉ በእርግጥ አብቅቶ፣ በአግባቡ ተነግሮዎትም አልወጣም ማለት ግን አያዋጣም። የቆዩበትን ጊዜ ኪራይ ይጠየቃሉ፤ አከራዩ ጉዳት ከደረሰበትም ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ፍርድ ቤት ቢሄዱም ይሸነፋሉ። መብት የሚጠበቀው ውሉ ውስጥ እስካሉ ድረስ ነው።

ሁሉም ቤት አንድ አይደለም

የቀበሌ ቤት ነዋሪ ከሆኑ ከላይ ያለው ሁሉ እርስዎን አይመለከትም። የቀበሌ ቤቶች ምንጫቸው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ያደረገው አዋጅ ማለት ነው። እነዚህ ቤቶች የሚተዳደሩት በራሳቸው መመሪያ ስለሆነ ጥያቄዎን ለሚያስተዳድራቸው ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ። ሱቅ ወይም ቢሮ የተከራየ ሰውም አዲሱ አዋጅ አይሸፍነውም፤ አዋጁ የመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። የነጋዴው መከላከያ የፍትሐ ብሔር ሕጉና የራሱ ውል ናቸው። ስለዚህ ነጋዴ ገንዘብ አፍስሶ ሱቅ ከማደሱ በፊት ረጅም ጊዜ ያለው ውል ያስፈርም።

«ሌላ አገርስ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በጀርመን አብዛኛው የመኖሪያ ኪራይ ማብቂያ ቀን የለውም። አከራዩ ተከራዩን ለማስወጣት እንደ ራሱ ወይም ቤተሰቡ ሊኖርበት መፈለጉን የመሰለ ሕጋዊ ምክንያት ማቅረብ አለበት። የማስጠንቀቂያው ጊዜም ተከራዩ በቆየበት ዓመት ልክ ከሦስት ወር እስከ ዘጠኝ ወር ይረዝማል። የእኛ አገር አዲሱ አዋጅ ያን ያህል አልሄደም፤ ለሁለት ዓመት እፎይታ ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ያለውን ለስምምነት ትቶታል። እኛም በችግር ጊዜ ከዚህ የበለጠ ማድረግ እንደምንችል አይተናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር በመላ አገሪቱ ተከልክሎ ነበር። በእኔ እምነት የክልል ከተሞች አዋጁን ሥራ ላይ ማዋል ላይ ቢፈጥኑ የሚጠቀመው ተከራዩ ብቻ አይደለም። በቤት ጉዳይ የማይጨነቅ መምህር ጋምቤላ ውስጥ ይቆያል።

ሲወጡ

ለመውጣት ከወሰኑ አወጣጥዎን ያሳምሩ። የውሃና የመብራት ሒሳብ ከፍለው ደረሰኙን ይያዙ። ቤቱን ባዶ ካደረጉ በኋላ ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ቆጣሪውን ከነቁጥሩ ፎቶ ያንሱ። ሲገቡ ያነሱት ፎቶ ካለ ከእሱ ጋር ይመሳከራል። ከአከራይዎ ጋር ቤቱን አብረው ይዙሩ። የተበላሸ ነገር ካለ እዚያው ይነጋገሩበት፤ በእርጅና የለቀቀ ቀለም የእርስዎ ዕዳ አይደለም፤ የሰበሩት መስታወት ግን የእርስዎ ነው።

ያልኖሩበት ወር ቅድሚያ ክፍያ በአከራይዎ እጅ ካለ ከቁልፉ ጋር በአንድ ጊዜ ይተሳሰቡ። ገንዘቡ «በኋላ እልካለሁ» ከተባለ መጠኑንና ቀኑን ያስጽፉ። በመጨረሻም በአንድ ወረቀት ላይ «ቤቱን በዚህ ቀን ተረክቤያለሁ፤ የምጠይቀው ቀሪ የለም» የሚል ቃል ጽፈው ያስፈርሙ። ቁልፉን የሚያስረክቡት ይህ ወረቀት ሲፈረም ነው፤ አንዱን ኮፒ ከአሮጌው ውልዎ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።